የጋሽ ዘውዴ ቀይ ቁልፍ

«እማዬ፣ የሳሎኑ መብራት ማብሪያውን ወደ ታች ሲሉት ይበራል፤ የማድ ቤቱ ግን ወደ ታች ሲሉት ይጠፋል። ለምንድን ነው?»

ልጄ ቤዛ ይህን የጠየቀችኝ ማብሪያው ጋ ለመድረስ በርጩማ ታስፈልጋት በነበረበት ዕድሜዋ ነው። እኔም እናት መልስ ሲጠፋባት የምትለውን አልኳት፤ «የሠራው ሰው ያውቃል።» የሠራው ሰው ግን አንድ አልነበረም። ሳሎኑን የሠራው ሌላ፣ ማድ ቤቱ በኋላ ሲቀጠል የመጣው ሌላ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሥራ አይቶ ራሱን እየነቀነቀ «ይሄን ማነው እንዲህ ያበላሸው?» ብሎ በራሱ መንገድ ገጥሞልን ሄደ። እኛም ለመድነው። ችግሩ የሚታወሰን እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። እንግዳው ማድ ቤት ገብቶ በጨለማ ግድግዳ ሲደባብስ «አይ፣ እሱ ወደ ላይ ነው» እንለዋለን፤ ጥፋቱ የእሱ ይመስል።

መቼም ይህ የእኔ ቤት ብቻ አመል አይመስላችሁ። አንዱ መሥሪያ ቤት «ቀዩ መስመር ላይ ቁሙ» ይላል፤ እሱን ለምዳችሁ ሌላው ዘንድ ስትሄዱ ዘበኛው «ቀዩን መስመር አትርገጡ!» ብሎ ይጮህባችኋል። የአንዱ በር ሲገፉት ይከፈታል፤ የጎረቤቱ ሲስቡት። ሁሉም በየቤቱ ትክክል ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የምንመላለሰው እኛ ነን ግንባራችንን በበር የምንመታው።

ቤዛ አደገች፤ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ኮምፒዩተር ተማረች። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ስላላለፍኩ ሥራዋን በደንብ ላስረዳችሁ አልችልም፤ ብቻ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ኮምፒዩተር ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም ትሠራለች። የመጀመሪያ ሥራዋን የሰጣት የሰፈራችን እድር ነው። ፕሮግራሙ የአባላቱን ስም ይይዛል፣ ድንኳንና ወንበሩ የት እንዳለ ያውቃል፣ ሰው ሲሞት ደግሞ ለአባላቱ ሁሉ በስልክ መልእክት ይልካል። በሳሪስ አቦ በኩል ያለ አንድ እድር «የእናንተው ሲሠራ እንይና እኛም እናሠራሻለን» ብሏት ስለነበር፣ ነገሩ ለእኔ የእድር ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የልጄ እንጀራ በዚያ በር ነበር የሚገባው።

ኮሚቴው አራት ነን። ሊቀመንበሩ ጋሽ ዘውዴ፣ ጸሐፊው ግርማ፣ የንብረት ኃላፊው ጋሽ ሰይድና የሴቶች ተወካይ እኔ። ቤዛ ፕሮግራሙን መጀመሪያ ስታሳየን፣ ስክሪኑ ላይ የሚጫኑት ነገሮች፣ እሷ «በተን» የምትላቸው፣ እኛ ቁልፍ ያልናቸው፣ በየገጹ አንድ ዓይነት ነበሩ። አንድ ቀለም፣ አንድ ልክ፣ አንድ ቦታ። ከሁሉ የተለየ ቀለም የነበረው አንድ ብቻ ነው፤ አባላቱ የተመዘገቡበት ገጽ ላይ «ሞት መዝግብ» የሚለው፣ ቀይ። «ቀይ ያደረግሁት ሰው ሳያስብ እንዳይነካው ነው» አለች።

እኔ በልቤ ደስ አለኝ። ጋሽ ዘውዴ ግን መነጽራቸውን አወለቁ። መነጽራቸውን ካወለቁ ነገር አለ ማለት ነው።

«ልጄ፣ ጥሩ ነው። ግን የሊቀመንበር ማጽደቂያ ከሌላው ጋር እኩል ነው እንዴ? እኔ ሳጸድቅ እንደ ማህተም ይታይ እንጂ! ቀይ አድርጊው፤ ሰፋ ይበል።»

«ጋሼ፣ ቀዩን ለሞት ነው ያስቀመጥኩት።»

«ሞትም ቢሆን እኔ ካላጸደቅሁት ድንኳን አይወጣም!»

በር አንዴ ከተከፈተ ማን ይቀራል? ጋሽ ሰይድ «እንግዲያስ የንብረት ክፍሉ አረንጓዴ ይሁንልኝ፤ ክብ አድርጊው፣ ደስ ይላል» አሉ። ግርማ ደግሞ የጸሐፊ ገጽ ነው ብሎ ፊደሉ ሁሉ እንደ ሰርግ ጥሪ ወረቀት እንዲጠማዘዝ አዘዘ። እኔ «ለእኔ እንዳለ ይሁን» ብዬ ነበር፤ የሚሰማኝ አጣሁ። ሴት ናት ብለው ሮዝ ቀለም ላይ አበባ አስደረጉልኝ።

ቤዛ ያን ቀን ቤት ስትገባ ቦርሳዋን ወረወረችው። «እማዬ፣ ሁሉም የሚለብሱት አንድ ልብስ ነበር የሰፋሁላቸው። አንድ ቦታ ስነካ ሁሉም በአንዴ ይለወጡ ነበር። አሁን ለያንዳንዱ ለብቻው ልሰፋለት ነው። ነገ አንድ ነገር ቢበላሽ የቱ የማን እንደሆነ እኔም አላውቀውም!» አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይላል የአገሬ ሰው። እኔ ግን ምን ልበላት? «አይዞሽ ልጄ፣ ታላላቆችሽ ናቸው» አልኳት። የታዘዘችውን ሠራች። ፕሮግራሙም አራት ሰፈር የሚጋባበት የሰርግ ቤት መሰለ።

ከዚያ የሆነውን ልንገራችሁ።

ጋሽ ዘውዴ ስልክ ቁጥራቸውን ለወጡ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እድሩ ቢሮ ብቻቸውን ገብተው፣ የማንንም እርዳታ ሳይሹ፣ አዲሱን ቁጥር ሊያስመዘግቡ የአባላቱን ገጽ ከፈቱ፤ ስማቸውን አገኙ። ቁጥሩን ጻፉ። አሁን መጽደቅ አለበት። ዓይናቸው ቀዩን ፈለገ፤ ቀዩም እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸው ነበር። ተጫኑት። ምስኪኑ ኮምፒዩተር «እርግጠኛ ነዎት?» ሲል ጠየቃቸው። ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር ይባላል፤ ጋሽ ዘውዴ ግን ሊቀመንበር ከሆኑ ወዲህ እርግጠኛ ያልሆኑበት ቀን የለም። «አዎ»ን ተጫኑና የበራቸውን ማጠፊያ ሊያስበይዱ ወደ አቃቂ በሰቃ ወረዱ።

የሁላችንም ስልክ ጮኸ። «የእድራችን አባል አቶ ዘውዴ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።»

ድሮ ቢሆን እድሩ መጀመሪያ ሽማግሌ ልኮ ያጣራ ነበር። አሁን ኮምፒዩተር ካለ ማን ይጠይቃል? ጠንቃቃው ግርማ እንኳ ያደረገው ነገር ቢኖር ወደ ሟቹ ስልክ መደወል ነው። የቀድሞው ቁጥር ዝግ ነው። «አበቃ» አለ። መልእክቱም የተላከው፣ አዲሱ ቁጥር ሳይመዘገብ ስለቀረ፣ ወደዚያው ዝግ ቁጥር ስለነበር፣ በሰፈሩ ውስጥ ጋሽ ዘውዴ መሞታቸውን ያልሰሙ ጋሽ ዘውዴ ብቻ ሆኑ።

ጋሽ ሰይድ ድንኳኑን በመኪና ጭነው ደረሱ። እኔም ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሮጥኩ። እትዬ ሙሉ፣ ባለቤታቸው፣ ከወፍጮ ቤት ዱቄት ተነስንሶባቸው ሲመለሱ ደጃቸው ላይ ምሰሶ ሲተከል አዩ። ሁለት ሴቶች ክንዳቸውን ያዙ። «ማን? ዘውዴ? ኧረ አሁን ጠዋት ሸሚዜ አልተተኮሰም ብሎ ሲቆጣኝ ነበር'ኮ!» ብለው መሬት ላይ ዘፍ አሉ። ልቅሶው ቀለጠ።

በዚህ መሀል ከኋላችን አንድ የምናውቀው ድምፅ መጣ።

«ተጣሟል! ድንኳኑ ተጣሟል! አፉን ወደ መንገዱ አድርጉት ስንቴ ነው የምነግራችሁ?»

ጋሽ ዘውዴ ናቸው፤ የተበየደውን ማጠፊያ ታቅፈው። ምሰሶ የያዘው ምሰሶውን ለቀቀ። አንዷ «በስመ አብ!» ብላ አማተበች። እሳቸው የማን ደጅ መሆኑን እንኳ ገና ልብ አላሉም፤ ድንኳን ካዩ ማዘዝ ነው። ጥቂት ቆይተው ግን የራሳቸውን በር አዩና «ማነው የሞተው?» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። ጋሽ ሰይድ ጉሮሯቸውን ጠርገው፦

«እርስዎ ነዎት፣ ጋሽ ዘውዴ። አላህ ያጽናዎት።»

እትዬ ሙሉ ተነሥተው ባላቸው አንገት ላይ ተጠመጠሙ፤ በዱቄት አነጧቸው። እኛም እያለቀስን ሳቅን። ለሰው ሞት አነሰው ማለት እንግዲህ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ሰውየው በሕይወት መኖራቸውን ካረጋገጡ በኋላ መጀመሪያ ያደረጉት ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ፣ ማን እንባ አውጥቶ ማን በደረቁ እንደጮኸ ማጣራት ነበር። ግርማ ደግሞ ጥግ ላይ ሆኖ ስለ ሊቀመንበር ምርጫ ማንሾካሾኩን ሰው ነገራቸው። ይህን ሲሰሙ ዳግመኛ ሊሞቱ ምንም አልቀራቸው።

ያን ቁጣ በማን ላይ ያውጡት? በልጄ ላይ።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስብሰባ ተጠራ። ከሳሪስ በኩል ያሉትም ወሬው ደርሷቸው «ለጊዜው እንቆይ» ብለው ለቤዛ ደውለውላት ነበር። እኔ እዚያ ስብሰባ ላይ የሴቶች ተወካይም የተከሳሽ እናትም ሆኜ ተቀመጥኩ። እመቤቴን በልቤ የለመንኳት ለልጄ አፍ እንድትሰጣት፣ ለእኔ ደግሞ ዝምታ እንድትሰጠኝ ነው።

«ይቺ ልጅ በቁሜ ቀበረችኝ!» አሉ ጋሽ ዘውዴ። «ይህ ፕሮግራም ዛሬውኑ ይወገድ!»

ቤዛ ብድግ አለች። «ጋሼ፣ እግዚአብሔር እንኳን አተረፈዎት። የተጫኑት የቱን ነበር?»

«ቀዩን ነዋ! የራሴን!»

«የእርስዎ ቀይ እኮ ማጽደቂያው ገጽ ላይ ነው። አባላቱ ገጽ ላይ ያለው ቀይ...»

«ቀይ ቀይ ነው!»

«ልክ ነዎት ጋሼ» አለች ልጄ ቀስ ብላ። «እኔም ያኔ ያልኩት ይህንኑ ነበር።»

ጋሽ ዘውዴ መነጽራቸውን ሊያወልቁ እጃቸውን ሰደዱና መለሱት። ይህን ጊዜ ጋሽ ሰይድ ብድግ አሉ።

«እስቲ ልጠይቃችሁ። የእድሩን ድስትም፣ ወንበርም፣ ምሰሶም ሰማያዊ የቀባነው ለምንድን ነው?»

«ከሌላ እድር ዕቃ ጋር እንዳይደባለቅብን ነዋ» አለ ግርማ።

«አየህ? ለድስት ይህን ያህል ተጠንቅቀናል። ሰው የሚቀብረውን ነገር ግን እንደ ሙሽራ መኪና አስጌጥነው። እኔም ብሆን፣ ሽበቴን ይዤ ክብ አረንጓዴ ይደረግልኝ ያልኩ ሰው ነኝ፤ ምን አፍ አለኝ!»

ሳቅ ሆነ። ሳቁ ሲያበቃ ጋሽ ዘውዴ እንኳ ከንፈራቸው ጫፍ ላይ የቀረ ነገር ነበራቸው። ፕሮግራሙ አንድ ዕድል እንዲሰጠው ተወሰነ፤ ቁልፉ ሁሉ እንደ ድስታችን ሰማያዊ ይሁን፤ ቀይ ለሞት ብቻ። ሁሉም ተስማማ። ሁሉም ሲስማማ ደግሞ «የእኔ ግን...» የሚል አይጠፋም። ግርማ ቢያንስ የፊደሉ ጭራ እንዲቀርለት ጠየቀ፤ ጭራው ተቆረጠ። ጋሽ ዘውዴ ግን በቀላሉ የሚቆረጡ አይደሉም።

«ቀለሙን ትቻለሁ። የእኔ ማጽደቂያ ግን በመጠን ትንሽ ተለቅ ይበል። ካልሆነ ፕሮግራሙም ይቅር፣ እኔም ልቅር።»

ቤዛ እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። «እሺ ጋሼ» አለች።

ሳምንቱን ሙሉ እነዚያን ሁሉ ልብሶች አንድ በአንድ ስታወልቅ ሰነበተች። የእኔንም አበባ ነቀለችልኝ። ሁሉም ወደ አንዱ ልብስ ሲመለሱ ጠራችኝና «እማዬ፣ እይ» አለችኝ። አንድ ቦታ ነካች። የሁሉም ቁልፍ በአንዴ ተለቀ።

በሚቀጥለው እሑድ ጋሽ ዘውዴ ገጻቸውን ከፍተው አዩና ፊታቸው በራ። «አዎ! አሁን ገና ሊቀመንበር መሰለ!» አሉ። የሌሎቻችንን ገጽ ከፍተው ለማየት አልፈለጉም፤ ሰው የራሱ መተለቁን እንጂ የሌላውን መች ያያል? በዚያው ቀን ከሳሪስ ተደወለ፤ ቤዛ ሰኞ ጠዋት መጥታ ታሳያቸው ዘንድ።

እኔም ያን ሰኞ ጠዋት ከኪዳን ስመለስ፣ ቤዛ ከመነሣቷ በፊት፣ ከቆጣሪው መብራቱን አጠፋሁ። ካቻቢቴ ፈልጌ የማድ ቤቱን ማብሪያ ፈታሁና አዙሬ መልሼ ገጠምኩት። ቆጣሪውን መለስኩ፤ ወደ ታች ስለው በራ። ስንት ዘመን እንግዳ ያደናበረ ነገር በሁለት ብሎን ተፈታ። አጥፍቼው ወጣሁና «ተመስገን፣ አሁን ቤታችን አንድ ቋንቋ ተናገረ» አልኩ።

ቤዛ ለሳሪሱ ሥራ ተቻኩላ ተነሣች። መስኮት የሌለው ማድ ቤታችን ውስጥ ገብታ እጇን እንደ ልማዱ ሰደደች። ቀስ አድርጋ ነካችው፤ ጠንከር አድርጋ ወደ ላይ ገፋችው፤ ጨለማ ነው።

«እማዬ፣ መብራት ሄደ እንዴ?»

«አይ፣ እሱ ወደ ታች ነው» አልኳት ከኋላዋ ቆሜ፤ ጥፋቱ የእሷ ይመስል።