ለጣት ቀይ ክር

[የሰፈር ጤና ጣቢያ መጠበቂያ ክፍል፤ ጠዋት። ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ውሃው የሚንጠባጠብ የእጅ መታጠቢያ፣ ግድግዳው ላይ «በማሻሻያው መሠረት ሁሉም ይስተናገዳል» የሚል ማስታወቂያ። አግዳሚው ላይ ሁለት ሰዎች ይጨቃጨቃሉ። አንደኛው ጸጉር አስተካካይ ነው። ስለ ክልሉ ጤና ቢሮ ከቢሮው በላይ ስለሚያወራ የሰፈሩ ሰው «ቢሮው» ብሎታል፤ እሱም ስሙን ወዶታል። ሁለተኛው የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ ጎሚስታ ነው። ቀስ ብሎ ይናገራል፣ ከዚያም ቀስ ብሎ ይገባዋል፤ ስለዚህ «ዝግታ» ይሉታል። ዝግታ ጣቴን አመመኝ አለ፤ ቢሮው ደግሞ ያለ እኔ አይሆንልህም ብሎ ሱቁን ዘግቶ ተከተለው። በዓለም ላይ ያለ እሱ የሚሆን ነገር አለ ብሎ አያምንም፤ ይህን የሚያስበው ደግሞ ከልቡ ነው።]

ቢሮው፦ እግርህን አታነባብር አልኩህ!

ዝግታ፦ እግሬ ምን አደረገ?

ቢሮው፦ እግሩን አነባብሮ የሚቀመጥ በሽተኛ የት አይተሃል? ይሄ እኮ ፎቶ ቤት አይደለም።

ዝግታ፦ ያመመኝ ጣቴን ነው እኮ ጋሼ።

ቢሮው፦ እሱን እኔና አንተ ነን የምናውቀው። ነርሷ የምታየው እግርህን ነው። አውርድ!

ዝግታ፦ [ያወርዳል] እሺ።

ቢሮው፦ ታዲያ አሁን ምን ያስቅሃል?

ዝግታ፦ አልሳቅኩም። ፊቴ ነው እንዲህ።

ቢሮው፦ እንግዲያው ፊትህንም አውርደው። ስማኝ! ድሮ እዚህ ቤት የሚገባው ቀድሞ የመጣ ነበር፤ ካልሆነም ዘመድ ያለው። አሁን ግን ማሻሻያ መጥቷል። ክልሉ በሙሉ ተሻሽሏል! ማን ቀድሞ መጣ ተብሎ አይጠየቅም። ማን ቀድሞ ሊሞት ነው ተብሎ ነው የሚጠየቀው።

ዝግታ፦ [ይነሳል] እንግዲያው ቤት ልሂድ። ጣቴ ብቻ ነው እኮ።

ቢሮው፦ [ጎትቶ ያስቀምጠዋል] ለዚህ አይደል የመጣሁልህ! ያቺ በሩ ጋ የቆመችው ነርስ ትታይሃለች? እጅ ላይ ክር ታስራለች። አረንጓዴ ካሰረችልህ «ምንም አልሆንክም፣ ቁጭ በል» ማለት ነው። ቢጫ «ትንሽ ሆነሃል» ነው። ቀይ ካሰረችልህ ግን ዶክተሩ ራሱ ሻዩን ትቶ ይሮጣል።

ዝግታ፦ ሻዩ አይቀዘቅዝበትም?

ቢሮው፦ ይቀዝቅዝ! ማሻሻያ ነው! አሁን «ይሄን ሁሉ ከየት አወቅከው» በለኝ።

ዝግታ፦ ከየት አወቅከው?

ቢሮው፦ የቢሮ ኃላፊው ሹፌር ጸጉሩን የሚቆረጠው እኔ ጋ ነው።

ዝግታ፦ ኃላፊውስ?

ቢሮው፦ ኃላፊው ራሰ በራ ነው፤ ከእኔ ጋር ምን ያገናኘዋል? ዋናው ሹፌሩ ነው። እንዲያውም ሐሳቡን ያፈለቅኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ፎጣ እያሰርኩለት «በሽተኛም እንዲህ ቢታሰርለት እኮ ይለያል» አልኩት። በሳምንቱ ማሻሻያ ተብሎ ወጣ። አመሰግናለሁ ያለኝ የለም።

ዝግታ፦ ማስታወቂያው ላይ ሁሉም ይስተናገዳል ይላል። አንተ ተመረመርክ ጋሼ?

ቢሮው፦ እኔ? እኔ እኮ ማሻሻያውን የማስረዳ ሰው ነኝ። ሁላችንም ገብተን ከተመረመርን ማን ያስረዳል? ይልቅ ጣትህን አሳየኝ።

[ዝግታ የቀኝ እጁን ትንሽ ጣት ያሳያል።]

ቢሮው፦ ቅድም ከቤት ስንወጣ የግራው አልነበረም እንዴ?

ዝግታ፦ [ሁለቱንም እጆቹን ተራ በተራ ያያል] ነበር።

ቢሮው፦ እና?

ዝግታ፦ ዞሮ ይሆናል።

ቢሮው፦ [ትንሽ ያስብና] ይዞራል፤ ልክ ነህ። ደም አይደል ተሸክሞት የሚዞረው? ይሄን ዶክተሮቹ እንኳ ገና አልደረሱበትም። ግን ለነርሷ ጣቴን እንዳትል። ጣት አረንጓዴ ነው። ደረቴን በል።

ዝግታ፦ ደረቴ ደህና ነው።

ቢሮው፦ ደህና መሆኑን ማን ጠየቀህ?

ዝግታ፦ ውሸት አይሆንም?

ቢሮው፦ ምን ውሸት አለው! ደረት የሌለው ሰው የለም። ሰው እያለው እንዴት ዋሸ ይባላል?

ዝግታ፦ እሺ። ደረት እንዴት ነው የሚያመው?

[ቢሮው ደስ አለው። በሕይወቱ ጥያቄ እንደ መመለስ የሚወደው ነገር የለም። ነርሷ ከበሩ ተነስታ ከኋላቸው መቆሟን አላየም። ሲያስረዳ ማንንም አያይም።]

ቢሮው፦ እጅህን እዚህ ጋ አድርግ። አይ፣ ይሄ ሆድህ ነው! እዚህ፣ መሀሉ ላይ። ጎማ የተጫነህ ያህል ነው።

ዝግታ፦ የትንሽ መኪና ነው የትልቅ?

ቢሮው፦ መጀመሪያ የትንሽ ነው። ዳገቱን ስትጀምር የአውቶቡስ ይሆናል።

ዝግታ፦ የቱን ዳገት?

ቢሮው፦ የቤታችንን ነዋ! ማለቴ፣ ለምሳሌ ነው።

ዝግታ፦ ከዚያስ?

ቢሮው፦ ከዚያ ግራ ክንድህ ይደነዝዛል። መቀሱ ከእጅህ ይወድቃል።

ዝግታ፦ እኔ መቀስ የለኝም።

ቢሮው፦ መፍቻህ ይውደቅ! ጎሚስታ የሚጥለው ነገር አያጣም። ከዚያ ላብ ነው፤ ቀዝቃዛ ላብ። ደንበኛው እንዳያይብህ ፊትህን ወደ መስታወቱ ታዞራለህ። መስታወቱ መልሶ ያሳይሃል፤ ስለዚህ ወደ ግድግዳው ዞረህ ቁጭ ትላለህ።

ዝግታ፦ ደንበኛውስ?

ቢሮው፦ ይጠብቃል። ግማሽ ጸጉሩ ተቆርጦ የት ይሄዳል?

ዝግታ፦ ያ ባለፈው ሰውዬ ግን ሄደ።

ቢሮው፦ እሱ ራሱ ነው እንዲህ አድርግልኝ ያለኝ። አዲስ ፋሽን ነው!

ዝግታ፦ እያለቀሰ ነበር አለች እትዬ።

ቢሮው፦ በደስታ ነው። እህትህ ሰው የሚያለቅስበት ምክንያት አይገባትም።

ነርሷ፦ [ከኋላቸው] ታማሚው የትኛችሁ ነው?

ቢሮው፦ [ደንግጦ] እሱ! እሱ ነው ሲስተር! [በሹክሹክታ] ጎንበስ በል!

ዝግታ፦ [ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ያያል] እኔ ነኝ።

ነርሷ፦ ምን ሆኑ?

ዝግታ፦ የአውቶቡስ ጎማ።

ነርሷ፦ አውቶቡስ ገጨዎት?

ዝግታ፦ አይ፣ ደረቴ ላይ ነው ያለው። መጀመሪያ የትንሽ መኪና ነበር።

ነርሷ፦ [ደረቱን እያየች] ከዳገት ተንከባሎ ነው የመጣብዎት?

ዝግታ፦ ዳገትማ አለ። ከዚያ መቀሱ ወደቀ።

ነርሷ፦ መቀስ ወጋዎት?

ዝግታ፦ እኔን አይደለም። ሰውዬው ግን ግማሽ ጸጉሩ የለም።

ነርሷ፦ የቱ ሰውዬ? ሌላ የተጎዳ ሰው አለ?

ዝግታ፦ አለ፤ ግን በደስታ ነው።

ቢሮው፦ [ብድግ ብሎ] ኧረ በፈጣሪ! አትስሚው ሲስተር፤ ይሄ ልጅ መታመም እንኳ በቅጡ አያውቅበትም። እኔ ላሳይሽ። ይኸውልሽ፣ ዳገቱን ትጀምሪያለሽ። እዚህ ጋ ጭንቅ ይላል። ወደ ትከሻ ይወጣል፣ መንጋጋ ድረስ ይደርሳል። የጎረቤት አጥር ይዘሽ ትቆሚያለሽ። ሰው ሲያልፍ አጥሩን የምታደንቂ ትመስያለሽ።

ነርሷ፦ ሲያርፉ ይተዋል?

ቢሮው፦ ትንሽ ቁጭ ስል ይተወኛል።

ነርሷ፦ ይተወኛል?

ቢሮው፦ ይተወዋል! እሱን! በእሱ ቦታ ሆኜ እኮ ነው የማስረዳሽ።

ነርሷ፦ እሺ፤ በእሱ ቦታ እንደሆኑ ይቀጥሉ። ሲተኙስ?

ቢሮው፦ ጋደም ስል ትንፋሽ ያጥረኛል። ትራስ እደራርባለሁ። እሱም እምቢ ሲል ሚስቴ እንዳትነቃ ቀስ ብዬ ተነስቼ መስኮቱ ጋ እቀመጣለሁ።

ዝግታ፦ [ቀስ ብሎ] ነቅታ ነው የምታይህ ጋሼ።

ቢሮው፦ ምን አልክ?

ዝግታ፦ ምንም። እየተማርኩ ነው።

ነርሷ፦ ክንድዎን ይስጡኝ እስቲ።

ቢሮው፦ ጎበዝ! በእኔ አሳዪው። እይ ዝግታ፤ እጅጌህን እንዲህ ትሰበስባለህ፣ ክንድህን ዘና ታደርጋለህ፣ ፊትህን ደግሞ እንደ ባለዕዳ ታጨማድዳለህ።

[ነርሷ የደም ግፊት መለኪያውን ጠቅልላ ትነፋለች። ታያለች። እንደገና ትነፋለች፤ እንደገና ታያለች። ፊቷ ሲለወጥ ቢሮው አየና በትወናው እንደተደነቀች ገመተ። ሊኮራ ሲል ከኪሷ ቀይ ክር አውጥታ አሰረች።]

ቢሮው፦ ቀይ! አየህ? አየህ ወይ? ገና አፌን ስከፍት ቀይ! በል ተነስ፣ ዶክተሩ ሻዩን ትቷል!

ዝግታ፦ ጋሼ።

ቢሮው፦ ምን ቆመህ ታየኛለህ? ግባ እንጂ!

ዝግታ፦ ክሩ ያለው አንተ እጅ ላይ ነው።

ቢሮው፦ [እጁን ያያል] ሲስተር፣ እጅ ተሳስተሻል። ፍቺና ለእሱ እሰሪለት።

ነርሷ፦ አልተሳሳትኩም። አይነሱ፤ ባሉበት ይቀመጡ። [ወደ ውስጥ ትጣራለች] ተሽከርካሪ ወንበር አምጡልኝ፤ ቶሎ!

ቢሮው፦ ኧረ እኔ አስታማሚ ነኝ! ዝግታ፣ ንገራት እንጂ! ጣትህን አሳያት!

[ዝግታ አስሩንም ጣቶቹን ዘርግቶ ያወዛውዛል። አንዱም አላመመውም።]

ቢሮው፦ ዳንክ?

ዝግታ፦ አልታመምኩም ጋሼ።

ቢሮው፦ ከመቼ ጀምሮ?

ዝግታ፦ ከመጀመሪያው። እትዬ ስንት ጊዜ ሂድና ታይ ብላ ለመነችህ፤ ሐኪም ምን ያውቃል አልካት። መጨረሻ ላይ እኔ ጋ ጋራዥ መጥታ አለቀሰች። እኔም አሰብኩ፣ አሰብኩ... ቀስ ብዬ ነው መቼም የማስበው። ለራሱ ብሎ አይመጣም አልኳት፤ ለምክር ግን ሳይጠሩትም ይመጣል።

[ቢሮው ለምክር መጥቶ ታማሚ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት አያውቅም፤ ከቀዩ ክር በላይ ይሄ አስደነገጠው። ተሽከርካሪ ወንበሩ መጣ። ዝግታ ብብቱን ይዞ፣ ምንም ሳይቸኩል፣ ደግፎ አስቀመጠው።]

ቢሮው፦ እና ያ ሁሉ «ከዚያስ፣ ከዚያስ» ስትለኝ የነበረው...

ዝግታ፦ እኔ ከየት አውቀዋለሁ? የምታውቀው አንተ ነህ።

ቢሮው፦ ነርሷስ?

ነርሷ፦ በማሻሻያው እኛ ነን ወደ ታማሚው የምንሄደው። እኔም የሚያመውን ሰው እያየሁ መጣሁ። በሉ፣ ወደ ዶክተር እንግባ።

[ወንበሩ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ቢሮው የወንበሩን ክንድ ጨበጠ። ፈርቷል፤ እንደ ማንኛውም ሰው ፈርቷል። በሩ ጋ ሲደርሱ የዝግታን እጅጌ ያዘ።]

ቢሮው፦ ዝግታ።

ዝግታ፦ አቤት ጋሼ።

ቢሮው፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ዶክተሩ ሲጠይቀኝ ምን ልበል?

ዝግታ፦ እውነቱን በል። አንተ ሳትዋሽም ቀይ ነህ።