ማታ ተሸንፈን አናውቅም

ቡድን በሜዳው ይበረታል ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም። በሬዲዮ ስለ ኳስ የሚያወሩት ሰዎች ነገሩን እንደ ሃይማኖት ይዘውታል። ሣሩን ያውቁታል፣ ነፋሱን ለምደውታል፣ ደጋፊው የራሳቸው ነው፣ እናታቸው ያቀረበችላቸውን በልተው ነው የሚገቡት፤ ታዲያ እንዴት ይሸነፋሉ ይላሉ። እኔ ይህን ስሰማ ሳቄ ይቀድመኛል። 

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ፣ አንድ የሩቅ አገር ኮሌጅ የኳስ ቡድን በገዛ ሜዳው ቀን ያደረገውንና ማታ ያደረገውን ጨዋታ ለየብቻ ቆጥሮ እንደያዘ አነበበልኝ። ቀን ስንቴ አሸነፈ፣ ማታ ስንቴ ተሸነፈ፣ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ! ልጁ ጉድ ነው አለ። ምን ጉድ አለው? እኛም መካነ ሰላም ላይ እንዲህ ያለ ታሪክ ነበረን፤ ያውም ለማስታወስ የማያስቸግር። በሜዳችን ቀን አሸንፈን አናውቅም። ማታ ተሸንፈን አናውቅም።

አትሳቁ፣ ገና መጀመሬ ነው።

ጊዜው መሬት ላራሹ በታወጀ ማግስት ነው። ክፉው የረሃብ ዓመት ካለፈ ብዙም አልቆየም። እኔ የተማሪ ቤቱ ቡድን በረኛ ነበርኩ፤ በረኛ የሆንኩትም መሮጥ ስለማልወድ ነው። ከሜዳችን ውጭ ከማንም አናንስም ነበር። አቀስታ ላይ ብርዱ እግራችንን እያደነዘዘው አሸንፈናል። ማሻ ድረስ በእግራችን ሄደን አሸንፈን፣ ስንመለስ ዘፈናችን ከእኛ ቀድሞ ነው ከተማ የገባው። አገራችን ላይ ስንጫወት ግን ጉድ ይፈላል። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ደፍሮ የሚናገረው ግን የለም። ምክንያቱ መምሬ ተክሌ ነበሩ።

መምሬ ተክሌ የግማሹ ቡድን የንስሐ አባት፣ ለቀረው ግማሽ ደግሞ የአባቱ ወዳጅ ናቸው። ጨዋታ ሲኖር ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጥምጣማቸውን አሳምረው፣ የእጅ መስቀላቸውን ይዘው ይመጡና ከእኔ ጎል አጠገብ ድንጋይ ፈልገው ይቀመጣሉ። በእረፍት ጎል ስንቀያየር እሳቸውም ተነስተው አብረውን ይቀያየራሉ። እስቲ ፍረዱኝ፣ የንስሐ አባታችሁ ተቀምጠው እያያችኋቸው በአጠገባቸው እንደ ጥጃ ፈንጭታችሁ ታልፋላችሁ? ተከላካያችን ኳስ እያሳደደ ይመጣና መምሬን ሲያይ ቀጥ ይላል። «ይፍቱኝ» ይላል፣ ግንባሩን ይሰጣል፣ መስቀሉ ግንባሩንም ከንፈሩንም ይነካል፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ፤ እናትህ ተሻላት ወይ?» ይባላል፤ የእናትን ነገር ደግሞ በአንድ ቃል መልሶ እግሬ አውጪኝ ማለት ነውር ነው። በዚህ መሃል ኳሷ መረቡ ውስጥ ትገባለች። መረብ እንኳ አልነበረንም፤ ለወጉ ያህል ነው።

አምበላችን ሰይድ እስላም ስለሆነ፣ መስቀል ስለማይሳለም፣ እሱ እንኳ ይተርፍልናል ብለን ነበር። እሱ ብሶ ተገኘ። ሰላምታው የወሎ ሰላምታ ነዋ! «አማን ዋሉ መምሬ? ቤቱ አማን? ከብቱ አማን? ሰብሉስ እንዴት ይዞታል?» እያለ በሁለት እጁ እጃቸውን ይዞ ጎንበስ እንዳለ ሁለተኛው ጎል ይገባል። እንግዶቹስ መስቀል አይሳለሙም ወይ ትሉኝ ይሆናል። እንዴታ! ግን ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው፤ አሸንፈው፣ ላባቸውን ጠርገው፣ ተሰልፈው።

ታዲያ አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ በላይ ሰበሰበን። ጓድ በላይ ቀልድ የማያውቅ፣ ሲናገር ጣቱን ሰማይ ላይ የሚሰካ ሰው ነበር።

«ሰፊው ሕዝብ ከረሃብ ገና ሳያገግም፣ እናንተ ለመሸነፊያ ይህን የሚያህል መሬት ትይዛላችሁ?» አለን። «በዚህ ሜዳ ላይ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አሸንፋችሁ አሳዩኝ። ያለዚያ መስከረም ሳይወጣ ጓያ እንዘራበታለን።»

ተናደድን። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ሰውየው ተሳስቷል ለማለት አፌ እምቢ አለ። ትናንት እፍኝ እህል ላጣ ሰው ኳስ ምኑ ነው? ቢሆንም ሜዳው ሊታረስ ነው ሲባል የሆነ ነገር ከሆዴ ውስጥ የተነቀለ ያህል ተሰማኝ፤ ለምን እንደሆነ ያኔ አላወቅኩትም።

ቀጣዩ ግጥሚያችን ከወረኢሉ ልጆች ጋር፣ በእኛው ሜዳ ነው። ያለን መላ መምሬን ቤታቸው ማስቀረት ብቻ ነበር። ማን ይንገራቸው? ሰይድ ንግግር ያውቃል ተብሎ ተላከ። ሄደ፣ ቆየ፣ ቆየ፣ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። አፉን ሳይከፍት መምሬ ቀድመው ወግ ጀምረው ኖሯል።

«ሰይዶ» ብለውታል፣ «ያቺ ሜዳ ያኔ በክፉው ዓመት ከየቆላው የወጣው ሕዝብ የወደቀባት ናት። አባትህና እኔ ከዚያ እያነሳን፣ እሱ የእስላሙን፣ እኔ የክርስቲያኑን ስንቀብር ከረምን። ዛሬ እዚያው ላይ ሰው ሲሮጥ ሳይ፣ ልጄ፣ ማየቱን አልጠግበውም።»

«ታዲያ ነገርካቸው?» አልነው።

«ወላሂ አልቻልኩም» አለ።

ማናችንም አልተቆጣነውም። እኔም ከሆዴ የተነቀለው ነገር ምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

መላውን ያመጣው ኋላ ራሱ ሰይድ ነው። ወሩ ረመዳን ነበር። ከእኛም ከወረኢሉም ጾመኞች አሉ። «ካፈጠርን በኋላ፣ ጨረቃዋ ስትሞላ እንጫወት» አለ። «መምሬ ዓይናቸው ማታ አያይም፣ ከቤት አይወጡም። ቢወጡም እኛ አናያቸውም።» ይሄን የሰማ ቡድን በደስታ ሊያብድ ምንም አልቀረውም። ለወረኢሉ ልጆች ምክንያታችን ጾም ብቻ እንደሆነ ተነገራቸው፤ አላህ ይስጣችሁ ብለው ተቀበሉን። ኳሷ እንድትታይ ኖራ ቀባናት። የጎሉንም እንጨት ኖራ ቀባነው። የተረፈውን ፊታችን ላይ ማን እንደቀባው አይታወቅም፤ ብቻ ስንሰለፍ ጥምቀት ላይ የሚጨፍር እንጂ ኳስ የሚጫወት አንመስልም ነበር።

ከተማው በሙሉ ወጣ። ጓድ በላይ ፋኖስ አስይዞ መጣ። ዳኛው ከአዲስ አበባ የመጣ ዘማች ተማሪ ነው፤ ፊሽካውን ነፋ፣ እልልታው ቀለጠ። እንዲህ ያለ ጨዋታ ታይቶ አይታወቅም! ሁለት የእኛ ተከላካዮች እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው ወድቀው «ዳኛ!» እያሉ ይካሰሳሉ። አንዱ የወረኢሉ ልጅ የተመልካች ነጭ ጋቢ ኳስ መስሎት አሳደደ። ደጋፊው ጎል መግባቱን የሚያውቀው ሌላው ሲጮህ ሰምቶ ነበርና በባዶ ሜዳ አሥር ጊዜ ጨፈረ። ከሁሉ ከሁሉ ግን፣ የሚሳለም የለም፣ ቤቱ አማን ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ሁሉም ይሮጣል! አልገባብንም። አላገባንምም።

መጨረሻው ሲቃረብ የወረኢሉ አጥቂ፣ አንድ ቀውላላ ልጅ፣ ኳሷን ከመሃል ይዞ ብቻውን መጣብኝ። ከኋላው ማንም የለም። ከፊቱ እኔ አለሁ፤ እኔ ማለት ደግሞ ምን እንደሆንኩ ነግሬያችኋለሁ። ጓያው ሲበቅል በዓይኔ ታየኝ። ልጁ እግሩን አነሳ።

በዚህ ቅጽበት ከጎሉ ቋሚ አጠገብ አንድ ነጭ ነገር ተነሳ። ጥምጣም ነው። ከጥምጣሙ ዝቅ ብሎ በጨረቃዋ ብልጭ ያለ መስቀል አለ።

«የማነህ ልጄ?» አሉ መምሬ ተክሌ። «ከወረኢሉ ነህ? በል ተሳለም፣ አገሩ አማን ነው?»

ልጁ ቀጥ አለ። አንገቱ ላይ ማተብ አለ፤ ከየት ይሂድ? «ይፍቱኝ አባቴ» ብሎ ጎንበስ ሲል ኳሷ በራሷ ጊዜ ተንከባላ መጥታ እግሬ ሥር ቆመች። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ መትቼ አላውቅም። ሰይድ ወዲያ ማዶ ተቀበላት። ከዚያ በኋላ የሆነውን አላየሁም፤ ጩኸቱን ግን ሰማሁ፤ የዚህ ጊዜው ጎል የእውነት ነበር።

ዳኛው ፀጉሩን እየያዘ «ይሄ እኮ በሕጉ የለም!» ብሎ ጮኸ። ጓድ በላይ ፋኖሱን ከፍ አድርጎ ጣቱን ሰማይ ላይ ሰካ። «የሚከለክልስ አለ?» አለ። ሃይማኖትን በስብሰባ ሁሉ ሲያብጠለጥል የከረመ ሰው! የሚከለክል ሕግም አልነበረም። ሜዳው ተረፈ።

መምሬን ደግፌ ቤታቸው ሳደርሳቸው ድንጋጤዬ ገና አልለቀቀኝም ነበር። «ማታ አይወጡም ብለን ነበር እኮ» አልኳቸው።

«ሰይድ ምን ሊነግረኝ መጥቶ ምን ሳይነግረኝ እንደሄደ ገብቶኛል» አሉ ሳቃቸውን እየያዙ። «እስካሁን በጨዋታ መሃል መስቀሌን ለእናንተ ብቻ ሰጥቼ በድያችኋለሁ። ዛሬ እንግዳ ይቅደም አልኩ።»

የልጅ ልጄ እስከዚህ ሰምቶ «ማታ ስንቴ ተጫወታችሁ?» አለኝ። ስልክ የያዘ ልጅ የሚጠይቀው ይህን ነው። አንድ ጊዜ ነው፣ አልኩት፤ አገራችን ማታ ይበርዳል።

ከዚያች ማታ በኋላ ወዲያው ደግሞ ቀን በሜዳችን ሌላ ግጥሚያ ነበረን። መምሬ ለእኛ ብለው መስቀላቸውን ቤት ትተው፣ ጥምጣማቸውን ፈትተው፣ ከሜዳው ርቀው አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ማንም አልተሳለመም። ማንም ጎንበስ አላለም። ከዚያ በፊት ከተሸነፍነው ሁሉ የባሰ ተሸነፍን።

አቀርቅረን ስንወጣ መምሬ ድንጋያቸው ላይ ሆነው እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ። «አንገታችሁን ምን አስደፋችሁ?» አሉን። «ሮጣችሁ የለም ወይ?»