ፊት የት ይደበቃል?

ከብጉሩ ይልቅ የብጉሩ ሐሳብ የሚያከሳው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ጓደኛዬ ጀማል እንደዚያ ነበር። ባለፈበት መስታወት ሁሉ ቆሞ ጉንጩን ይመረምራል። በዚያ በደርግ ዘመን፣ የብጉር ቅባት ከጅቡቲ በባቡር በኮንትሮባንድ አስመጣ። ቅባቱ ማታ ብቻ ስስ ተደርጎ የሚቀባ፣ ፀሐይ የማይወድ ኖሯል። እሱ ግን ጠዋት ጠዋት እንደ ቫዝሊን እየለደፈ የድሬን ፀሐይ ተጋፈጠ። ፊቱ እንደ ተቀቀለ ድንች ተላጠ።

ይባስ ብሎ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ፤ አጀንዳው ኮንትሮባንድ! ዕቃ ይደበቃል፤ ፊት የት ይደበቃል?

«አቦ፣ ሊቀመንበሩ እኔን እያየ ነው፤ አለቀልኝ!» አለኝ ጀማል በሹክሹክታ።

«አጎንብስ!» አልኩት። እሱ ከተያዘ ከጎኑ የተቀመጠውስ ሊተርፍ ነው?

ገና ጎረምሳ የሆኑት ጓድ ሊቀመንበር «የኮንትሮባንድ ዕቃ የሚጠቀም ሁሉ የአብዮቱ ጠላት ነው!» ብለው ጮኹና ላባቸውን ሊጠርጉ ኮፍያቸውን አወለቁ። ኮፍያው ሸሽጎት የነበረው ግንባራቸው፣ ከነብጉሩ፣ ቁርጥ የጀማልን ፊት መስሎ ተልጧል።

ጀማል ቀስ ብሎ ቀና አለ። በቀበሌ ስብሰባ ከልባችን ያጨበጨብነው ያን ቀን ብቻ ነው።