የትም ብዞር ወደ ምሥራቅ

መንገድ መጠየቅ የሚከብደው ሰው ዕቃ ይገዛል። ይህን የምላችሁ ከራሴ አውቄ ነው። ሰሞኑን ልጄ ሜሮን ለብስክሌቷ መንገድ የሚመራ ጂፒኤስ ልትገዛ ሁለት ዓይነት ለይታ፣ የአንዱ ካርታ ያምራል፣ የሌላው ባትሪ ይቆያል እያለች ስትብሰለሰል ሰነበተች። በመጨረሻም «አባዬ፣ አንተ ብትሆን የቱን ትመርጣለህ?» አለችኝ። በመዳፍ የሚያዝ ዕቃ አዳማ ውስጥ የቱ ጋ እንደቆምኩ ከሰማይ ጠይቆ ሲነግረኝ እኔ አፌን ከፍቼ ነው የማየው። ምርጫው ግን አዲስ አልሆነብኝም። በደርግ ጊዜ፣ አዳማ ገና ናዝሬት ስትባል፣ እኔም ለብስክሌቴ መንገድ መሪ መርጫለሁ።

ነገሩ የትዳር ነበር። የምወዳት ልጅ ጽጌ በመምህርነት የተመደበችው ከመቂ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ገባ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ነበር። አባቷ አቶ ደምሴ በዚያ ሳምንት ከደብረ ዘይት ሊጠይቋት ይመጡና እሑድ ከምሳ በኋላ በመጡበት የሽንኩርት መኪና ይመለሳሉ። «ከመሄዳቸው በፊት ካላዩህ ሽማግሌ ለላከባቸው ለነጋዴው ልጅ እሺ ማለታቸው ነው» ብላ ላከችብኝ። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ዘመን እኔን እዚያ ድረስ ወስዶ የሚጥል መኪና ከየት ይመጣል? ብስክሌት ግን ነበረኝ። ናዝሬት አድጎ ብስክሌት የማይነዳ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

የቀረኝ መንገድ መሪ ነው። ካርታ ልያዝ? ያኔ ካርታ ይዞ ገጠር መግባት «ማን ልኮህ ነው?» ያስብላል። እየጠየቅሁ ልሂድ? በየስብሰባው ፀጉረ ልውጥ ሲታይ ይጠቆም እየተባለ፣ «ይቅርታ፣ ይህ መንገድ ወዴት ይወስዳል?» የሚል ሰው ራሱን በራሱ ጠቆመ ማለት ነው። ይህን ሳወጣ ሳወርድ ጎረቤቴ፣ ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ በዛብህ፣ ከሣጥናቸው ኮምፓስ አወጡልኝ።

ክዳኗን ከፈቱት። ትንሿ መርፌ ተንቀጠቀጠች፣ ተንቀጠቀጠችና ጸጥ አለች። ወደ ግራ ብዞር፣ ወደ ቀኝ ብዞር፣ እሷ ሰሜንን አትለቅም። የሚገፋት የለ፣ የሚያዛት የለ! ሰው ሁሉ በትእዛዝ በሚዞርበት ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ማየት እንዴት እንደሚያስደንቅ አሁን ለሚሰማኝ ሰው ማስረዳት ይከብደኛል። እግዜር ይስጥልኝ ማለት እንኳ ረሳሁ።

«መርፌዋን በግራህ ካደረግህ ፊትህ ወደ ምሥራቅ ነው። ከመቂ ስትነሳ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ምሥራቅ ነው። አለቀ!» አሉኝ።

ቅዳሜ መቂ አደርኩ። እሑድ ጠዋት ኮምፓሷን ከብስክሌቱ መሪ ላይ፣ ከደወሉ በስተቀኝ፣ በላስቲክ ግጥም አድርጌ አሰርኩና ወጣሁ። መርፌዋ በግራ። ምሥራቅ! አሸዋ ያዘኝና ዞርኩ፤ መርፌዋ በግራ። ግራሩ መንገድ ዘጋብኝና ተጠመዘዝኩ፤ መርፌዋ በግራ። የትም ቢዞሩበት ወደ ምሥራቅ የሚወስድ እንዴት ያለ ድንቅ አገር ነው! እርግጥ ያኔ መንግሥታችንም ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ስለነበር ብዙም አልጠረጠርኩም። አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። ስነሳ ዓይኔን ስትወጋኝ የነበረችው ፀሐይ ማጅራቴን ትጠብሰኝ ጀመር። እባካችሁ አትፍረዱብኝ። ኮምፓሷን አየሁ፣ ፀሐይዋን አየሁ፣ ፀሐይዋን ተጠራጠርኩ።

«ዻበዹ!» የሚል ድምፅ አስደነገጠኝ፤ ቁም ማለት ነው። ጠመንጃ ያነገተ የገበሬ ማኅበር ዘብ ከግራር ሥር ብቅ አለ። «ኤሳ ዴምታ? ወዴት ነው የምትሄድ?»

«ወደ ምሥራቅ» አልኩት በሙሉ ልብ።

በአገጩ ከኋላዬ አመለከተኝ። «ምሥራቅ እዚያ ነው።»

ከዚያ ዓይኑ ኮምፓሷ ላይ አረፈ፤ ፀጉረ ልውጥነቴም ያለ ክርክር ተረጋገጠ። ብስክሌቴን እየገፋሁ ወደ መጣሁበት ነዳኝ። ፀሐይዋ አናቴ ላይ እስክትወጣ ተጓዝን። የሽንኩርቱ መኪና ሲነሳ፣ ጽጌ ለነጋዴው ልጅ ስትዳር በዓይኔ መጣብኝ። ድንገት ጉብታው ላይ ስንወጣ ሐይቁ ከእግራችን ሥር ተዘረጋ። ውሃው ከሰማዩ የሚለይበት መስመር አልነበረውም። እስረኛ መሆኔን ረስቼ ቆምኩ፤ ዘቡም አልገፋኝም፣ አብሮኝ ቆመ።

ሊቀ መንበሩ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ደጅ ከአንድ ሽማግሌ እንግዳ ጋር ተቀምጠዋል።

«እዚህ የሚያውቅህ ሰው አለ?» አሉኝ።

«መምህርት ጽጌ» ስል እንግዳው ቀና አሉ። ትምህርት ቤቱ ከአጥሩ ማዶ ኖሮ ጽጌ ወዲያው ተጠርታ መጣች። አቧራ የለበሰ ፊቴን አየች፣ ጠመንጃውን አየች፣ ወደ እንግዳው ዞረችና «አውቀዋለሁ፣ አባባ» አለች። ሴት ልጅ በአባቷ ፊት ስለ ወንድ እንዲህ ማለቷ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

አቶ ደምሴ ተነሥተው ኮምፓሷን ከብስክሌቱ ፈቱ። መርፌዋ እጃቸው ላይ ዞረችና ሌላ አቅጣጫ ይዛ ቆመች። መልሰው ሲያስጠጓት ፈጥና ጫፏን ወደ ደወሉ አዞረች። ለካ ጠዋቱን ሙሉ ስታሳየኝ የነበረው ሰሜንን ሳይሆን የብስክሌቴን የብረት ደወል ነው!

«ደወሉን ትወዳለች» አሉ ሊቀ መንበሩ፣ ከልባቸው ተደንቀው።

«ፀሐይ ማጅራትህን ስትመታህስ ምን አልክ?» ሲሉ ጠየቁኝ አቶ ደምሴ።

«ፀሐይዋ ተሳስታለች አልኩ፣ ጌታዬ።»

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ወደ ጽጌ ዞረው «አንዴ ያመናትን ፀሐይ ብትመሰክርባት እንኳ የማይጠራጠር ሰው፣ ለባልነት ሳይሆን አይቀርም» አሏት። የሽንኩርቱ መኪና መጣ፤ እሳቸው እሺታቸውን ለእኔ ትተው ተሳፈሩ።

ይህን ሁሉ ለሜሮን አወራኋት።

«ታዲያ የቱን ልግዛ?» አለችኝ።

«ደስ ያለሽን። ብቻ ከደወሉ አርቀሽ እሰሪው።»

እናቷ ጽጌ ከጓዳ ስትስቅ ሰማኋት። ሜሮንን አየኋት፤ የእናቷን ዓይን፣ የአያቷን ሳቅ ይዛ ፊቴ ቆማለች።

«ወይም ተይው» አልኳት። «አታርቂው።»