የተከበሩ አቶ ባጫና የጥቆማ ሳጥኑ

መጀመሪያ ቸርኬውን በጉልበታቸው ይይዙና ጎማውን በሁለት ብረት ይፈለቅቁታል። የውስጡን ላስቲክ መዘዝ አድርገው እስኪወጠር ነፋስ ይሞሉታል። ቀጥሎ በቁመቱ ተቆርጦ ገንዳ የሆነው አሮጌ በርሜል ውስጥ፣ ውሃው ላይ ይደፍቁትና ስንዝር በስንዝር ያዞሩታል። ዓይናቸው አይርገበገብም። አረፋ ቡልቅ ስትል በአውራ ጣታቸው ድፍን! ጠረግ አድርገው ቦታውን በእስክሪብቶ ይከቡታል። በብርጭቆ ወረቀት ያሻክሩታል፣ ማስቲሽ ይቀባሉ፣ እፍ ይላሉ፣ ልጥፉን ያስቀምጡና በመዶሻ ይደበድቡታል። ያለቀ ይመስላል። አላለቀም! እንደገና ይነፉና እንደገና ውሃ ውስጥ ይከቱታል።

"ለምን ደገሙት?" ካሏቸው መልሳቸው አንድ ነው። "የሠራሁት እኔ ነኛ! እኔን ማን አየኝ?"

"ተመርምሮ ደህና ነው ተብሏል" ሲባል "ማን ነው ያለው?" ብሎ የሚነሳ ሰው የሌለበት ሰፈር አዲስ አበባ ውስጥ የለም። ሌላው ሰፈር እንዲህ ያለውን ሰው ይሸሸዋል። እኛ ጉለሌዎች ግን መርጠን ምክር ቤት ላክነው! እንግዲህ የተከበሩ አቶ ባጫ ማለት እኚህ ናቸው፤ ስብሰባ ባለ ቀን የሕዝብ ተወካይ፣ በሌላው ቀን የሽሮ ሜዳ ጎሚስታ። ኮታቸው አንድ ነው። ኪሱ ውስጥ የንግግር ወረቀትና የማስቲሽ ቱቦ ጎን ለጎን ያድራሉ።

ጎማ የማያምን ሰው የሙስና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ያምናል ብላችሁ ነው? ምክር ቤቱ ከዓመታት በፊት አንድ የክትትልና ግልጽነት ጽሕፈት ቤት አቋቁሞ ነበር። ዘንድሮ ደግሞ ጽሕፈት ቤቱን የሚከታተል አስተባባሪ ክፍል ይቋቋም የሚል ሐሳብ ቀረበ። የተከበሩ አቶ ባጫ እጃቸውን አወጡ።

"ባጭሩ ይሁንልን፣ የተከበሩ አቶ ባጫ" አሉ ሰብሳቢዋ።

"አጭር ነው። ይሄ ልጥፍ ላይ ልጥፍ ነው። ቀዳዳውን ያየ አለ? ውሃው የታለ?"

ቃለ ጉባኤ ያዡ አዲስ ስለነበረ፣ "አባሉ የውሃ እጥረት መኖሩን ገለጹ" ብሎ መዘገበ።

"ውሃው የታለ?" የማይገባበት ቦታ የለም። ጽሕፈት ቤቱ ባለ ሦስት ቀለም ሪፖርት ሲያወጣ፣ "ውሃው የታለ?" የፀረ ሙስና ቀን ሲከበር ለአባላቱ ቲሸርት ታደለ። የእሳቸው ቲሸርት በማግሥቱ ጎሚስታው ውስጥ ቸርኬ ሲወለውል አየሁት። በሙያዊ አስተያየታቸው ጥጡ ደህና ነው፤ መፈክሩ ግን በመጀመሪያው ቤንዚን ይለቃል።

እንግዲህ ለቀጣዩ ስብሰባ ያዘጋጁት ንግግር ጭራሽ የባሰ ነበር። አዲሱ ክፍል መቅረቱ አይበቃም፤ አሮጌው ጽሕፈት ቤትም ይፍረስ! ሁለት ሳምንት ሙሉ ለደንበኛው ሁሉ ሊያነቡት አስበው በእኔ ጀመሩ። የግራ የፊት ጎማዬ ተፈትቶ ስለነበር መሸሽ አልቻልኩም። የሰማችው ግን ኡሙሀኒ ናት።

ኡሙሀኒ ከጎሚስታው ፊት ለፊት፣ አስፋልቱ ዳር ላስቲክ ወጥራ ነጠላና ጋቢ ትሸጣለች። ለነጋዴዎች በተሠራው ሼድ ዕጣ ወጥቶላት ነበር፤ ሱቅ ቁጥር አሥራ ሰባት። ቁልፍ ልትረከብ ስትሄድ በሩ ላይ የሌላ ሰው ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ዕጣ አውጪው ኮሚቴ "ይስተካከላል" ካላት ሰባት ወር ሆነው። አቤቱታዋን ጽፋ የጽሕፈት ቤቱ የጥቆማ ሳጥን ውስጥ ከታለች። መልስ የለም። ክረምቱ ደግሞ እየመጣ ነው፤ ዝናብ የነካው ነጠላ ማን ይገዛል?

"ጋሽ ባጫ፣ ይፍረስ ነው ያሉት?"

"ይፍረስ! ሳጥን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ መቀመጥ ሥራ ነው እንዴ?"

"ወላሂ፣ እርስዎ ምን አለብዎት! ሱቅዎ ውስጥ ሆነው ያፈርሳሉ። የኔ ወረቀት እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። እሱ ከፈረሰ ለማን ላመልክት? ለበርሜልዎ?"

እኔ ቴክኒክና ሙያ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ማሽን ሲቆም ድምፁን አውቃለሁ። የተከበሩ አቶ ባጫ ቆሙ። ላስቲኩን ውሃ ውስጥ እንደያዙ ማዞር ተዉት። ከዚያ እጃቸውን በኦሞ ታጠቡ፣ ከደረሰኝ ጥራዛቸው አንድ ቅጠል ገነጠሉና በትልልቅ ፊደል ጻፉ፦ "ይህን ወረቀት ያነበበ ሠራተኛ ሽሮ ሜዳ ይምጣ። አንድ ጎማ በነፃ እለጥፍለታለሁ። ባጫ፣ ጎሚስታ።" በዚያው ዕለት ሄደው ሳጥኑ ውስጥ ከተቱት።

"ሳጥኗን ውሃ ውስጥ ከተትኳት" አሉኝ ሲመለሱ። "አረፋ ካለ እናያለን።"

አንድ ቀን፣ አምስት ቀን፣ አሥር ቀን። ዝም። "አላልኩህም?" እያሉ ንግግራቸው ላይ አንቀጽ ይጨምራሉ። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አንዲት ሴትዮ ፋይል ታቅፈው መጡ። እኔም የቀኙን ጎማ ይዤ ነበር፤ ዕድሌ ነው።

"አቶ ባጫ እርስዎ ነዎት?"

"ነኝ። ጎማው የታለ?"

"መኪና የለኝም። ጸሐይ እባላለሁ፣ የጥቆማ ክፍል መርማሪ ነኝ። ይህ የእርስዎ ጽሑፍ ነው?"

"የኔ ነው!"

"ለመንግሥት ሠራተኛ ነፃ አገልግሎት ለመስጠት በጽሑፍ ቃል ገብተዋል። መደለያ ነው። መዝገብ ከፍቼብዎታለሁ፤ እዚህ ላይ ይፈርሙ።"

ሌላ የምክር ቤት አባል ቢሆን "እኔን?" ብሎ ስልክ ይደውል ነበር። የተከበሩ አቶ ባጫ ግን መዶሻቸውን ጥለው ዘለሉ! "አረፋ! አረፋ ወጣ! አየህ? አነበቡት!" ኡሙሀኒ ኮረንቲ የያዛቸው መስሏት ደረቅ እንጨት ይዛ እየሮጠች መጣች።

"ታዲያ ሰባት ወር ሙሉ የት ነበራችሁ?" አሉ እየፈረሙ።

"ሳጥኑ የሚከፈተው ሁለት ቁልፍ ሲገናኝ ነው። አንደኛውን የያዙት ባልደረባ ሥልጠና ላይ ነበሩ።"

"የምን ሥልጠና?"

ወይዘሮ ጸሐይ ፋይላቸውን አስተካከሉ። "የተቀላጠፈ አገልግሎት አሰጣጥ።"

ማናችንም አልሳቅንም፤ ማለቴ፣ ቢያንስ ጮክ ብለን።

"ከእርስዎ ወረቀት ሥር ሃያ ሦስት ሌላ አቤቱታ ነበር" ብለው ቀጠሉ። "አንዱ የሱቅ ቁጥር አሥራ ሰባት ነው፤ ኡሙሀኒ የምትባል ነጋዴ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሐሙስ ቀን እሷም ኮሚቴውም ቀርበው ይሰማሉ። እሷን የት ነው የማገኛት?"

ኡሙሀኒ እንጨቱን እንደያዘች የጎማ ክምር ላይ ተቀመጠች። ትከሻዋ ላይ የነበረውን፣ ገና ያልተሸጠውን ነጠላ ስባ ፊቷን ሸፈነችበት። ዕቃዋን ስታጨማድድ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ማክሰኞ ምክር ቤት "ውሃው የታለ?" ሲጠበቅ የተከበሩ አቶ ባጫ ተነሱ። "ለመረጃ ያህል፣ እኔም ተከሳሽ ነኝ" ብለው ጀመሩ። አዳራሹ አወካ። "እነዚህን ሰዎች ዛሬም አላምናቸውም። ግን አረፋ አይቻለሁ። ቀዳዳው የታወቀ ጎማ አይጣልም።" አስተባባሪውን ክፍል ተቃወሙ። በምትኩ፣ ሳጥኑ በየሳምንቱ ሐሙስ በር ተከፍቶ፣ የመጣ ሰው ሁሉ እያየ ይከፈት፤ አቤቱታም እንደዚያው ይሰማ አሉ። ሐሳባቸው በሁለት ድምፅ ብልጫ አለፈ!

ክሳቸው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተዘጋ። ደብዳቤውን በመስታወት አስገጥመው ከኮምፕሬሰሩ በላይ ሰቅለውታል፤ የምርጫ ምስክር ወረቀታቸው መሳቢያ ውስጥ ነው። እኔ በዚህ ሰውዬ ስንቴ ስቄአለሁ፣ ስንቴስ ሰዓቴን በልተውብኛል! ግን ጎማዬን ሌላ ሰው አስነክቼ አላውቅም። እንጦጦን ስወርድ ፍሬን የምይዘው ተረጋግቼ ነው፤ አንድ የማያምን ሰው ሁለት ጊዜ አይቶልኛል።

ስለሳቸው እንደምጽፍ ስነግራቸው ቅር አላላቸውም። እጃቸውን ጠራረጉና መልእክት ሰጡኝ፤ እንዳለ ይኸው፦

"ለአንባቢዎችህ ንገርልኝ። የኡሙሀኒ ጉዳይ የሚሰማው የፊታችን ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፤ ከቀጨኔ ቁልቁል ሲወርዱ ባለው የጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ። ኮሚቴው ይመጣል፣ ጸሐይ ትመጣለች። ውሃው ግን እናንተ ናችሁ። ኑልኝ። አትጩኹ፣ አታጨብጭቡ፤ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላችሁ ዓይናችሁን ሳታነሱ እዩልኝ። ጎማ የተነፈሰበት ካለ ማለዳ በእኔ በኩል ይለፍና አስለጥፎ ይድረስ። ግን ከፍሎ! በነፃ አትጠይቁኝ፣ አደራ።"