በሽቦ የሚነበበው ልብ ወለድ

[ድሬዳዋ፣ መጋላ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ። በድሩ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ልጁን ዛምዛምን ለማጫወት ከአሮጌ ዕቃ የሠራውን ስልክ በግቢው አሻግሮ ከጎረቤቱ ከካሣ ቤት ጋር በሽቦ አገናኝቶታል። በዚያ ስልክ ለካሣና አብረውት በርጫ ላይ ጫት ለሚቅሙ ጓደኞቹ በየቀኑ አንድ ምዕራፍ ልብ ወለድ ያነብላቸዋል። የባቡር ሠራተኛው ካሣ ሽርጡን እያጠበቀ ይገባል።]

ካሣ፦ አቦ አልተበጠሰም እልሃለሁ! ከቤቴ እስከ ቤትህ ሽቦውን እየዳበስኩ ነው የመጣሁት።

በድሩ፦ ወሪያ! መስመር ይዳበሳል እንዴ? ኤሌክትሪክ እኮ ነው! ስትዳብሰው ደንግጦ ነው ድምፁ የቀረው።

ካሣ፦ የቀረውማ ሳልዳብሰው ነው። «መርማሪው ቀና ብሎ ገዳዩን...» አልክና ጭጭ!

በድሩ፦ ሚስትህ ይርገዱ እርጥብ ብርድ ልብስ አስጥታበታለች። ወሬው እዚያ ላይ ቀረ፣ በቃ።

ካሣ፦ ብርድ ልብሱንም ጨምቄ አየሁት። ውኃ ብቻ ነው የወጣው።

በድሩ፦ [ራሱን ይዞ] ያ ረቢ! ከማን ጋር ነው ያገናኘኸኝ?

ካሣ፦ ስልኩ የልጅ መጫወቻ ሆኖ ይሆናላ።

በድሩ፦ መጫወቻ?! በድሬ ከኔ በቀር በሽቦ ዳማ የሚጫወት አባት አለ? ጥራ እስቲ!

ካሣ፦ ዳማውማ ጥሩ ነበር። እኔም ቤቴ አሸነፍኩ፣ አንተም ቤትህ አሸነፍክ።

በድሩ፦ ጠጠሬን ያልነገርኩህ ቦታ እያስቀመጥክ!

ካሣ፦ እሺ አቦ፣ መስመሩን ተወው። መጽሐፉን ስጠኝ፣ ራሳችን እናነበዋለን። በርጫው ላይ እነሊበንና ዲሪር ጉንጫቸውን በጫት ወጥረው እየጠበቁ ነው። ዲሪር «ዛሬ መጨረሻውን ካልሰማሁ ሬዲዮዬን ሌላ ጠጋኝ ጋ እወስዳለሁ፣ ለሰውም እነግራለሁ» ብሏል።

በድሩ፦ [መጽሐፉን ደረቱ ላይ ለጥፎ] መጽሐፍማ አይወጣም! የተዋሰ ሰው ሲመልስ አይተህ ታውቃለህ? ሽቦውን የዘረጋሁት ለምን ሆነና! መጽሐፉ እኔ ጋ፣ ታሪኩ እናንተ ጋ። ሥልጣኔ ይሉሃል ይሄ ነው!

ካሣ፦ እንግዲያው በቃልህ ንገረኝ፤ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ገዳዩ ማነው?

በድሩ፦ ገዳዩ... ገዳዩ ዶክተሩ ነው።

ካሣ፦ ዶክተሩ እኮ ማክሰኞ ሞቷል።

በድሩ፦ ዶክተር አይደል? ራሱን አክሞ ተነሣ።

ካሣ፦ ከተቀበረ በኋላ? ዲሪር «ኢና ሊላሂ» ብሎ ጫቱን ሁሉ አስቀምጦ ነበር እኮ!

በድሩ፦ እሺ ዘበኛው ነው።

ካሣ፦ ዘበኛው ዓይነ ስውር ነው ብለህ አንብበህልናል።

በድሩ፦ ለዚያ ነዋ ማንን እንደገደለ ያላወቀው!

ካሣ፦ ይሄ እንኳን ያስኬዳል። ግን ሰውየው ከሃምሳ ሜትር በአንድ ጥይት ነው የተመታው።

በድሩ፦ [መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ] አላውቅም! ወላሂ አላውቅም! መጨረሻው የለም፣ ተቆርጧል! ሦስት ዓመት ሙሉ ሬዲዮ ስፈታ ገዳዩ፣ ስገጥም ገዳዩ! ሚስቴ ቱሪያ እንኳን «በእንቅልፍህ የምትጠራው ዶክተር ማነው? ታመሃል እንዴ?» እያለች ታለቅሳለች። ተቃጠልኩ እኮ ካሣ! አሁን ዲሪር ሲሰማ የመጋላ መሳቂያ ልሆን ነው። የጀመረውን የማይጨርስ ሰው ማን ሬዲዮ ይሰጠዋል?

ካሣ፦ አይዞህ። ከስንተኛው ገጽ ጀምሮ ነው የጎደለው?

በድሩ፦ ከመቶ ዘጠና ሦስት።

ካሣ፦ [ከሸሚዙ ኪስ የታጠፉ ሁለት ቅጠሎች አውጥቶ] እስከ መቶ ዘጠና ስድስት።

በድሩ፦ ያ አላህ! ከየት አመጣኸው?

ካሣ፦ ከራሴ መጽሐፍ። እስቲ የተለበደበትን ጋዜጣ ግለጠው።

በድሩ፦ [ገልጦ፣ ድምፁ እየቀጠነ] «የካሣ ንብረት»... ከአንተ ነው እንዴ የተዋስኩት?

ካሣ፦ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በረመዳን። «ለሳምንት» ብለህ።

በድሩ፦ ታዲያ መጨረሻው አንተ ኪስ ውስጥ ምን ይሠራል?

ካሣ፦ እኔ መጽሐፍ ሳውስ መጨረሻውን ቆርጬ አስቀራለሁ። የተዋሰው ሰው ገዳዩን ሲያጣ፣ መጽሐፉን ይዞ በራሱ እግር እየሮጠ ይመጣልኛል። አንድም ጠፍቶብኝ አያውቅም።

በድሩ፦ እኔ እዚህ ስቃጠል፣ አጥር ለአጥር ሆነን፣ ለምን ዝም አልከኝ?

ካሣ፦ ሌላው ሰው በሳምንቱ ነው የሚመጣው። አንተ ሦስት ዓመት ስትቆይ፣ ገና ፊደል እየቆጠርክ መስሎኝ ላላሳፍርህ ብዬ ነው። በስልክ ጮክ ብለህ ማንበብ ስትጀምርማ እነዲሪርን ሰብስቤ «ስሙት፣ አትሳቁበት፣ የመሠረተ ትምህርት ፈተና አለበት» አልኳቸው!