ሳጥን ውስጥ የኖረ ፊልትሮ

በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ስትገባ ሻጮቹ መንገድ የጠፋት ይመስላቸዋል። ባለፈው ሳምንት ለቤታችን መኪና የዘይት ፊልትሮ ልገዛ ብሄድ አንዱ ወንበር አቀረበልኝ፣ ሌላው ውኃ። ፊልትሮ ነው የምፈልገው ስላቸው ተያዩ። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ እንዲህ ያለ መተያየት አያመልጠኝም።

ሦስት ዓይነት ደረደሩልኝ። ውዱን፣ መካከለኛውንና "ይኸም ይሠራል" የሚባለውን። እንዴት ይመረጣል? እኔ የምመርጠው እንደ አባቴ ነው። አባቴ ፊልትሮ ሲመርጥ ብታዩት! ለፀሐይ ይዞ እጥፋቱን ያያል፣ በጣቱ ይዳስሳል፣ ጆሮው ሥር አድርጎ ይነቀንቀዋል፣ በመጨረሻም ያሸተዋል። ወንፊት የምትገዛ ሴት እንኳ እንደሱ አትጨነቅም። ምኑ ነው የሚሸተው ብዬ ብጠይቀው፣ እውነተኛ መሆን አለመሆኑ ይታወቃል አለኝ። እኔም ተቀብዬው አሸተትኩ። ወረቀት ወረቀት ነው ያለኝ።

አባቴ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ጨርቅ ይነግድ ነበር። ለገበያም፣ ለሠርግም፣ ለለቅሶም ቤተሰቡን ሁሉ የምትጭን አንዲት አሮጌ ጂፕ ነበረችው። ያኔ የዘይት ፊልትሮ እንደ ዛሬው ተጠምዝዞ የሚገጠም ቆርቆሮ አልነበረም፤ የብረት ኩባያ ውስጥ የሚቀመጥ የተጣጠፈ ወረቀት ነበር። አንድ ቀን አባቴ ከደሴ አዲስ መርጦ አመጣ። አሁን ይገጥመዋል ስንል በነጠላ ጠቅልሎ የእናቴ ሳጥን ውስጥ ከተተው።

ለክፉ ቀን ነው አለ።

እኛ አገር መቼም አዲስ ነገር ወዲያው አይነካም። አዲስ ብርጭቆ ለእንግዳ ነው፣ አዲስ ቀሚስ ለጥምቀት። ፊልትሮ ግን ለእንግዳ አይቀርብ፣ ለጥምቀት አይለበስ! ብቻ ተቀመጠ።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። ያን ዓመት ሳስታውሰው ሕልም ይመስለኛል፤ ድምፅ የለውም። ደመናው ይመጣል፣ ይቆማል፣ አይቶን ይሄዳል። በገበያ ቀን ሰው ሞልቶ ጫጫታ የለም። አስተማሪነት ገና መቀጠሬ ነበር። ጠዋት ጠዋት የተማሪዎቹን ስም ስጠራ "አቤት" የሚለኝ እያነሰ ሄደ። ቤታችንም ግማሽ ግማሽ እንጀራ በልተን መነሣት ጀመርን።

አንድ ቀን ከደሴ ማዶ፣ ከወደ ኩታበር የመጣ መንገደኛ መልእክት አደረሰን። የእናቴ ታናሽ እህት አክስቴ ዘውዴ እዚያ ገጠር ነበረች። ባሏ ሞቶባት ከሁለት ልጆቿ ጋር ነው የምትኖረው። "ጎተራው ተጠርጓል፤ ሳንሞት ድረሱልን" ብላ ነበር የላከችው። እናቴ መቀመጥ አቃታት።

አባቴ የከተማችንን መካኒክ ጋሽ ሰይድን አስጠራ። ጋሽ ሰይድ የሞተሩን ኮፈን ከፍቶ አሮጌውን ፊልትሮ አወጣና አሳየው። ጭቃ በሉት። "ጋሼ፣ በዚህ ደሴንም አያዩ። መንገድ ላይ ሞተሩ ነክሶ ይቆምብዎታል፤ አዲስ ያምጡ" አለው።

አባቴ ምን ቢል ጥሩ ነው? ይኸንኑ በናፍጣ እጠበው አለ። አዲሱስ? አዲሱማ ለክፉ ቀን ነው!

እናቴ ይህን ስትሰማ ብድግ አለች። ወደ ጓዳ ገብታ ጠራችኝ። ጥግ ላይ ሁለት ጋኖች ነበሩ፤ ሁልጊዜ የጠላ ናቸው ብለን የምናልፋቸው። አፋቸው በጭቃ ተመርጓል። መረጉን ሰብራ ሁለት ጆንያ ገብስ ዘረገፈችና እየጎተትን አወጣነው። አባቴ ገብሱን ሲያይ ጮኸ።

"ይህ ሁሉ እህል ቤቴ እያለ ነው ግማሽ እንጀራ የበላሁት?"

"ለክፉ ቀን ነዋ!" አለችው።

ጋሽ ሰይድ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየ።

"ሱብሃነላህ! ክፉ ቀን ምን ለብሶ ቢመጣ ነው የምታውቁት?"

አባቴ ሄዶ ሳጥኑን ከፈተ።

አሮጌው ዘይት ሲወርድ ሳፋውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እንደ ጥቁር ክር ቀጥኖ ይወርዳል፣ አያልቅም። ዓይኔ እሱ ላይ ፈዞ ቀረ። ዝናብም እንዲህ ቢወርድ እያልኩ ይመስለኛል። ጋሽ ሰይድ የጎማ ቀለበቱን ዘይት ቀባ፣ ወረቀቱን ኩባያው ውስጥ አስቀመጠ፣ ጠበቅ አደረገና ቢስሚላሂ ብሎ ሞተሩን አስነሣ።

ሄድን። አባቴ ይነዳል፣ እኔና እናቴ ጆንያው ላይ ተደግፈናል። ማሳው አመድ መስሏል፤ ውሻ እንኳ አይጮህም። መንገድ ዳር የተቀመጠ ሰው ባየን ቁጥር እናቴ አስቁማ በእፍኝ ትሰጣለች። ኩታበር ስንደርስ የቀረው አንድ ጆንያ ብቻ ነበር።

አክስቴን በሯ ላይ ተቀምጣ አገኘናት፤ ልጆቿ ሁለቱም ተደግፈዋታል፣ ነፍስ አላቸው። እናቴ በሶ በጥብጣ በጣቷ ታቀምሳቸው ጀመረች። አባቴ ይዘናቸው ልንመለስ ዕቃቸውን ሊያወጣ ወደ ውስጥ ዘለቀና እየተቆጣ ወጣ። ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ያገኘውን አቁማዳ ይዟል። ገብስ ነው፣ ሙሉ።

"ልጆችሽ በረሃብ እያለቁ! አንቺ ደግሞ የምን ክፉ ቀን ነው የምትጠብቂው?"

አክስቴ ቀና ለማለት እንኳ አቅም አልነበራትም።

"ዘር እኮ ነው ወንድሜ። ለክፉ ቀን አላስቀመጥኩትም፤ ለደግ ቀን ነው።"

አባቴ አቁማዳውን እንደ ሕፃን አቅፎ ጂፗ ውስጥ አስገባው። እኔ አለቀስኩ።

በዓመቱ ዘነበ። አክስቴ አገሯ ተመልሳ ያንን ገብስ ዘራችው። አባቴም ደሴ ሄዶ ሌላ ፊልትሮ መረጠ፤ አሸተተ፣ በነጠላ ጠቀለለ፣ ሳጥን ውስጥ ከተተ። ይኸኛው ለደግ ቀን ነው አለን። ብዙም ሳይቆይ አብዮቱ ደረሰና ጂፗ ለሰፊው ሕዝብ ትፈለጋለች ተብላ ተወሰደች። ሰዎቹ ቤቱን ሲፈትሹ ውለው ከሄዱ በኋላ አባቴ ሳጥኑን ከፍቶ አየና እንባው እስኪወርድ ሳቀ። "ፊልትሮዋ እኔ ዘንድ ናት፤ ጂፗ የት ትደርሳለች? ትመለሳለች" ይል ነበር እስኪሞት ድረስ።

ያቺን ፊልትሮ ነው ባለፈው ሳምንት ከቦርሳዬ አውጥቼ ከሻጮቹ ለአንዱ ያሳየሁት። አገላብጦ አያት። ይህቺ የምትገጠምበት መኪና ከጠፋ ስንት ዘመኑ አለኝ።

"እናቴ፣ ፊልትሮስ አለዎት፤ የጎደለዎት መኪናው ብቻ ነው" ብሎ ሳቀብኝ።

አባቴም የሚለው ይኸንኑ ነበር አልኩትና አሽትቼ ሁለት አዲስ ገዛሁ። አንዱ መኪናው ላይ ተገጥሟል። ሁለተኛው የት እንዳለ አትጠይቁኝ።